የጀርመንኛ ኦዲዮ ኮርስ የት ድረስ ይወስዳል?

አዳማ ሆናችሁ ጀርመንኛ በግላችሁ ለምታጠኑ፦ «ኦዲዮ ብቻ እየሰማሁ ኤ1ን አልፋለሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከፈተናው አወጣጥ ይጀምራል። ኤ1 ከኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያሉ እስከ ሲ2 ከሚወጡት የቋንቋ ደረጃዎች የመጀመሪያው ነው። የጎተ (የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም) ኤ1 ፈተና አራት ክፍል አለው። መስማት 20 ደቂቃ ያህል፣ ማንበብ 25፣ መጻፍ 20፣ መናገር 15 ይወስዳል። አራቱም እኩል 25 ነጥብ ይይዛሉ፤ ማለፊያው ከ100 60 ነው። እንግዲህ ጆሯችሁና አፋችሁ ምንም ሳይስቱ ሙሉ ነጥብ ቢያመጡ እንኳ 50 ላይ ትቆማላችሁ። የጎደለውን 10 ማምጣት ያለባቸው ዓይንና እጅ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ኦዲዮ አይረባም ማለት አይደለም። አፍ ለመፍታት የሚተካከለው የለም። ፒምስለር የሚባለው ኦዲዮ ኮርስ በጀርመንኛ 5 ደረጃ ሲኖረው እያንዳንዱ ደረጃ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚፈጁ 30 ትምህርቶች አሉት፤ በድምሩ 75 ሰዓት መሆኑ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቃል ይሰጣችሁና ከ5 ሰከንድ በኋላ ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ ከ25 ሰከንድ፣ ከ2 ደቂቃ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ እያለ ክፍተቱን ያሰፋዋል። ልትረሱት ስትሉ መልሶ ይጠይቃችኋል። ሚሼል ቶማስ የሚባለው ሌላ ኦዲዮ ኮርስ ደግሞ የዓረፍተ ነገር አገነባብን በማስረዳት ይበልጣል፤ ግን ኮርሱ ውስጥ አብረው የሚማሩት ሁለት ተማሪዎች እየተሳሳቱ ስለሚናገሩ የእነሱን አነጋገር አትከተሉ። ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ የዶይቸ ቬለ «ዶይች ቫሩም ኒኽት» በአራት ተከታታይ ክፍሎች 26፣ 26 ትምህርት ይዞ ከነጽሑፉ በነፃ አለ። ጽሑፉ አብሮት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ለእኛ ዋናው ችግር ፒምስለርና ሚሼል ቶማስ በእንግሊዝኛ በኩል ማለፋቸው ነው። አእምሯችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ ሲመላለስ የተሰጠው የመልስ ጊዜ ያልቃል። መፍትሔው የራሳችሁን የአማርኛ ቅጂ መሥራት ነው። ትምህርቱ እንዳለቀ 12 ዓረፍተ ነገር ምረጡ። በስልካችሁ መቅጃ አማርኛውን ተናገሩ፣ 5 ሰከንድ ዝም በሉ፣ ከዚያ የጀርመንኛውን መልስ ከኮርሱ ላይ አስገቡ። አራት ደቂቃ የማይሞላ ፋይል ይወጣችኋል። ቀረጻውን ቤት ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ሥሩት፤ የአዳማ ነፋስ ማይክ ውስጥ ሲገባ የቃሉን መጨረሻ ይበላዋል።

እንዲህ ስትሠሩ አማርኛችን የሚጠቅምበትን ቦታም ታገኛላችሁ። «አዳማ ስለምኖር» ስንል ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ቫይል ኢኽ ኢን አዳማ ቮነ» ላይም እንዲሁ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብዙ ትምህርት የሚፈጀው ይህ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። የምንሰናከለው በተራው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እዚያ ግሡ የግድ ሁለተኛ ቦታ ይይዛል። «ዛሬ አልሠራም» ሲባል «ሆይተ አርባይተ ኢኽ ኒኽት» እንጂ «ሆይተ ኢኽ» ብሎ መጀመር አይሆንም።

ድምፅ ላይ ትንሽ እንቆይ። አማርኛ ተነባቢን ያጠብቃል ያላላል እንጂ አናባቢን አስረዝሞ ትርጉም አይለይም። ጀርመንኛ በተቃራኒው ነው። «ከተማ» እና «መንግሥት» የሚባሉት ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሽታት» ይሆናሉ፤ ልዩነታቸው የ«ታ» ማጠርና መርዘም ብቻ ነው። «እባክዎ» ለማለት የሚጠቅመው «ቢተ» በላቲን ሁለት «ቴ» ስላለው አጥብቀን እናነበዋለን፤ ድርብ ፊደሉ ግን የሚናገረው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ጀርመንኛን በፊደላችን አትጻፉ፤ ርዝመቱ ይጠፋል። ሌላው «እኔ» ማለት የሆነው «ኢኽ» ነው። ብዙዎቻችን «ኢሽ» እንላለን፤ በዚህ አነጋገር ቤተ ክርስቲያንን የሚያመለክተው ቃል ቼሪ የምትባለው ፍሬ ይሆናል። «ይ» ልትሉ ምላሳችሁን አዘጋጁና ድምፅ ሳታወጡ ትንፋሽ ብቻ ግፉ፤ ትክክለኛው እሱ ነው።

ሰዓትና ቁጥር ብዙ ነጥብ ያስጥላሉ። «ሃልፕ አኽት» (ቃል በቃል «ግማሽ ስምንት») ማለት 7:30 ነው፣ በእኛ አንድ ሰዓት ተኩል። ስምንት ሰዓት ተኩል ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ የእኛ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሲጨመር ነገሩ ይደበላለቃል። የስልካችሁን ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሩና ባያችሁት ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ሳትመልሱ በጀርመንኛ አንብቡት። ቁጥር ላይ አሃዱ ከአሥሩ ይቀድማል፤ 73 ሲባል ቀድሞ የሚሰማው 3 ስለሆነ የቸኮለ 37 ይጽፋል። ቁጥሩ እስኪያልቅ እስክሪብቶውን ያዝ አድርጉ። በመስማት ክፍል የጣቢያና የሱቅ ማስታወቂያዎቹ አንዴ ብቻ ናቸው የሚሰሙት፤ የቀሩት ሁለት ጊዜ ይደገማሉ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኖ መስማት ለአሮጌ ትምህርት ይሆናል፣ ለአዲስ ግን አይሆንም። «አይነን» እና «አይነም» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ነው፤ የሞተሩ ጩኸት መጀመሪያ የሚውጠው እሷን ነው። አዲሱን ጸጥ ባለ ቦታ፣ ጮክ ብላችሁ እየመለሳችሁ ስሙ። በልባችሁ መመለስ አይቆጠርም። ከጥያቄዎቹ 80 በመቶ ያህል ከመለሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ሙሉ ካልሆነ ብሎ አንዱን ትምህርት ሳምንት መደጋገም ያሰለቻል።

ዓይንና እጅን ለማስተማር ቃለ ጽሕፈት በቂ ነው። ጽሑፍ ካለው ኦዲዮ አንድ ደቂቃ ቁረጡ። መጀመሪያ ሳትጽፉ ስሙ፣ ከዚያ በየሐረጉ እያቆማችሁ ጻፉ፣ በመጨረሻም ከጽሑፉ ጋር አስተያዩ። ስሕተቱ ሁሌ ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው፦ ስሞች በትልቅ ፊደል መጀመራቸው ሲረሳ፣ «ኢ» እና «አይ» የሚነበቡት ጥንድ አናባቢዎች ሲገለባበጡ፣ የቃል መጨረሻ ሲጎድል። የመጻፍ ክፍሉ ቅጽ መሙላትና 30 ቃል ያህል መልእክት ስለሆነ በዚህ ልምምድ የሚደረስበት ነው።

ከኤ1 በላይስ? በእኛ ግምት አምስቱን የፒምስለር ደረጃ የጨረሰ ሰው አፉ ኤ2ን ይሻገራል፣ ቃሉ ግን ይቀራል። የጎተ የኤ1 የቃላት ዝርዝር 650 ያህል ነው፣ የቢ1 2,400 ያህል። ያን ልዩነት የሚሞላው ንባብ ነው። ለአውስቢልዱንግ (በጀርመን ለሚሰጥ የሙያ ሥልጠና) የሚያስቡ ብዙውን ጊዜ ቢ1 ወይም ቢ2 ስለሚጠየቁ ኦዲዮ ላይ ብቻ መቆየት ጊዜ ማባከን ይሆንባቸዋል። የዶይቸ ቬለ በዝግታ የሚነበብ ዜናም ስሙ አያታልላችሁ፤ የተዘጋጀው ለቢ2ና ለሲ1 ነው።

ኦዲዮ ፈጽሞ የማያስተምረው አንድ ነገር አለ፣ ጥያቄ ከባዶ ማንሳት። በመናገር ፈተናው እስከ አራት ተፈታኝ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ «ዳቦ» የሚል ካርድ ይደርሳችሁና ከእሱ ጥያቄ ሠርታችሁ ለሌላው ተፈታኝ ታቀርባላችሁ። ስምን ፊደል በፊደል መጥራትም አለ፤ እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ያጠምዳል። በእንግሊዝኛ «ኢ» የምንለው ፊደል በጀርመንኛ «ኤ» ይባላል፣ «ዳብልዩ»ው «ቬ»፣ «ጄ»ው «ዮት»፣ «ዋይ»ው «ኢፕሲሎን»። በፓስፖርት ላይ ያለውን ስማችሁን እስከ አያት ስም ድረስ ሳትቆሙ እስክትሉት ተለማመዱ፤ ካርዶቹን ደግሞ 20 ያህል ቃል ጽፋችሁ ከአንድ የጥናት ጓደኛ ጋር በስልክ ተጠያየቁባቸው።