ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋ

ቀጥ ያለ ዳገት በሞተር ስለ መውጣት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጋዝ ነው። እኔን ግን አስቀድሞ የሚያሳስበኝ መሀል ላይ ሞተሩ ቢጠፋስ የሚለው ነው። መመለሻውን ያልለመደ ሰው ዳገቱን ባይጀምረው እመርጣለሁ።

ሞተር ዳገት ላይ ሲቆም ክብደቱ ወደ ኋላው ጎማ ይሄዳል። የፊት ፍሬን ብቻ ከተያዘ ጭነት የሌለው የፊት ጎማ እንደተቆለፈ ቁልቁል ይንሸራተታል። በድንጋጤ ፍሪሲዮኑን ጨምድዶ መያዝ ደግሞ ይብሳል፤ የኋላው ጎማ ነፃ ይሆናልና። ስለዚህ ሞተሩ እንደጠፋ ማርሹን ሳያወጡ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፤ የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ይይዛል። ከዚያ በግራ በኩል መውረድ፣ መሪውን ወደ ግራ መጠምዘዝ፣ በፊት ፍሬኑ እያገዙ ፍሪሲዮኑን ጫን ለቀቅ ማድረግ። ሞተሩ ስንዝር በስንዝር ወደ ኋላ ሲመለስ የኋላው ጎማ ወደ ግራ ይዞርና ሞተሩ ዳገቱን አግድም ይይዛል። ሰውየው ከላይ በኩል ስለሚቀር ሞተሩ ቢወድቅ እንኳ እሱ ላይ አይወድቅም። አሁን መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቁልቁለቱ መልሶ፣ ተቀምጦ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። መጀመሪያ ለስለስ ባለ ተዳፋት ላይ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል።

አወጣጡ ራሱ አጭር ነው። ፍጥነቱ ከታች ይያዛል፣ በሁለተኛ ማርሽ። አንደኛ ጎማውን ያሽከረክራል ወይም ፊቱን ያነሳል። ቆሞ፣ ጉልበትን አላልቶ፣ ደረትን ወደ መሪው ማስጠጋት። ፊቱ ከተነሳ ጋዙን ከመዝጋት ፍሪሲዮኑን በአንድ ጣት ነካ ማድረግ ይሻላል። የኋላው ጎማ ባዶውን ከዞረ ጋዝ መቀነስና ወገብን ወደ ኋላ መሳብ። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተከመረበትን ቦታ መሸሽ ነው፤ ሲደርቅም ያንሸራትታል።

የጎማው ንፋስ ቀነስ ሲል መሬቱን የበለጠ ይቆነጥጣል። የውስጥ ጎማ ላለው ቀላል ሞተር ከ15 ፒኤስአይ በታች ባልወርድ እመርጣለሁ። ከዚያ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና የንፋስ መሙያዋን አንገት ይቆርጣል። አንገቷ ዘመም ብላ ከታየች መዞር ጀምሯል ማለት ነው።

ከፍታም አለ። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ነዳጅ ይበዛበትና ጋዝ ሲሰጡት ይታፈናል፤ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጥላሸት ይዟል። መፍትሔው የካርቡሬተሩን ዋና የነዳጅ ማሳለፊያ አነስ ባለ ቁጥር መቀየር ነው። ወደ አዋሽ ቆላ ሲወረድ ግን የድሮው ይመለስ፤ አለበለዚያ ነዳጁ ያንስና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ጉልበቱ አሁንም ካልበቃ ሰንሰለቱ ከሚዞርበት የፊት ጥርስ አንድ የሚያንስ መግጠም ብቻውን ከኋላ ሦስት ያህል የመጨመርን ውጤት ይሰጣል፣ ወጪውም ያንሳል።