ከመስፍ ፊት የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ከብረት ቀጥቃጭ መስፍ (የጋለ ብረት ተቀምጦ ከሚቀጠቀጥበት ከባድ ብረት) ፊት ቆሜ ስውል፣ ለዓመታት ምስማር ስመታበት የኖርኩት እጄ መዶሻ መያዝ እንኳ በቅጡ እንደማያውቅ ተረዳሁ። እጀታውን ከመዶሻው ራስ አጠገብ አንቄ በመያዜ ክንዴ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ዛለ፤ መምህሬም ምንም ሳይናገሩ ጣቶቼን ወደ እጀታው ጫፍ ገፋ አድርገው፣ መዶሻው ከመስፉ ነጥሮ ሲነሣ እንዳልከለክለው በምልክት አሳዩኝ። (ዝምታቸው ከቁጣ ይከብዳል።) ብረቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ግሎ ብርቱካናማ ሲሆን እንደ ጭቃ ይታዘዛል፤ ቀለሙ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ ግን ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ «አንዴ ብቻ ልድገመው» የሚለውን ፈተና አሸንፎ ወደ ፍሙ መመለስ ያስፈልጋል። እኔ አላሸነፍኩም፤ የመጀመሪያው መንጠቆዬ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ።

እንጨት ደግሞ ስህተትን ዳግም አሙቆ የማረም ዕድል አይሰጥም። የምስማርን ጫፍ አስቀድሞ በቀላል ምት ማዶልዶም የሚለውን የአናጺዎች ዘዴ ንቄው ኖሬ ነበር፤ ሹል ጫፍ የእንጨቱን ቃጫ ወደ ጎን ገፍቶ ሲሰነጥቅ፣ የዶለዶመው ግን ቃጫውን ጨፍልቆ ያልፋል። ማታ ቤት ገብቼ ሁለቱንም በአንድ ቁራጭ ሳንቃ ዳር ሞከርኳቸው። ሹሉ ሰነጠቀው፤ የዶለዶመው ገባ። መንጠቆውን ነገ እንደገና እጀምራለሁ።