ናሱን ለአሲድ አትስጡ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ስላልወጣልኝ ነው። አሮጌ የናስ ስኔር (ከታች ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ) ያላችሁ ሰዎች ቢያንስ እናንተ ትረፉ።

የእኔው ባለ 14 ኢንች የማርሽ ባንድ ስኔር ነው። የሸጠልኝ ሰው «የአርባ ልጆች ዕቃ ነው» ብሎኛል። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸውን የማርሽ ባንድ ተጫዋች የአርመን ልጆች ማለቱ ነው። እዚህ አገር አሮጌ ጥሩምባና ከበሮ ሁሉ የእነሱ ነው ይባላል። አላመንኩትም፤ ከበሮውን ግን ወደድኩት።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ገላው ማግኔት ከያዘ ናስ የተለበጠ ብረት ነውና አትድከሙ። የእኔው አልያዘም። ቆዳውን፣ ሪሙን (ቆዳውን የሚይዘውን ቀለበት)፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ብሎኖቹን ለየሁ፣ በሳሙና አጠብኩ። እስከዚህ ምንም የለውም።

ፈተናው ቫርኒሹ ነው። ናስ እንዳይጠቁር ብዙ ጊዜ ስስ ቫርኒሽ ይቀባል። ያ ሲሰነጣጠቅ እርጥበት ከሥሩ ይገባና ናሱ እዚያው ይጠቁራል። ላዩን ቀኑን ሙሉ በብራሶ (በናስ መወልወያው) ብትፈገፍጉት ጥቁሩን አትደርሱበትም። የቆየ ቫርኒሽ ብዙውን ጊዜ በፈላ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይላጣል፤ ግን ከበሮ የሚውጥ ድስት ከየት ይምጣ? የእድራችንን ጎላ ልዋስ ሄድኩ። ዕቃ ቤት ያሉት አባት «ሰርግ ነው ወይስ ተዝካር?» አሉኝ። ከበሮ ልቀቅል ነው ስላቸው በሩን ቆለፉት።

ስለዚህ አንድ ብረት ሥራ ቤት ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ በቲነር ብቻ ያንሡልኝ። አሲድ እንዳይነካው» አልኳቸው። ደግሜ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ መስቀል ስወለውል ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ስመጣ ከበሮዬ የተላጠ ቀይ ሽንኩርት መስሏል። ሮዝ! ናስ መዳብና ዚንክ ነው። አሲድ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ቀድሞ ይበላና ላዩ ላይ መዳቡ ይቀራል። ሰውዬው ጥግ ያለውን በርሜል እያየሁ እንኳ አላፈሩም። «ትንሽ ነው ያስነካሁት፤ እንዲያውም አማረበት» አሉ። ቅር ካለኝም በግራይንደር ሊመልሱልኝ ተነሡ። ከእጃቸው ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። የስኔር የታች ጠርዝ ሽቦው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ግራይንደር ያንን ከበላው ሽቦው በትክክል አይቀመጥም። ክፍያውን ደግሞ አንድ ብር ሳይቀንሱ ተቀበሉኝ! እኔም ጋሼ እያልኩ ከፈልኩ።

ደግነቱ ሮዙ ስስ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነከርኩ፣ ከቁጥር 1000 ወደ 1500 ከዚያም ወደ 2000፣ በእጄ አወረድኩት። ቢጫው ተመለሰ። ገላው ላይ ተቀርጾ የነበረው ቁጥር ግን ሊነበብ አይችልም። የት እንደተሠራ የሚጠቁመኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሎሚና ጨው ምከሩኝ ያላልኳቸው ሰዎችም መክረውኛል። ሎሚም አሲድ ነው፤ አቼቶም እንደዚያው። ብራሶ ይሻላል፣ ግን አሞኒያ ስላለው ብሎን መግቢያው ቀዳዳ ውስጥ አይቅር፤ በደንብ አጥባችሁ አድርቁት። ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በክረምት ጋጣ ውስጥ ያስቀመጠው የናስ ቀለህ ይሰነጠቅበት ነበር። ጥፋተኛው ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው።

ካጸዳችሁ በኋላ እንደገና ቫርኒሽ ቀቡት የሚሉ አሉ። እኔ አልቀባም። ነገ ሲሰነጠቅ ያው ጣጣ ነው። ሰም ቀባሁት፣ በቃ። ድምፁም በመወልወል አይለወጥም፤ ተለወጠ የሚላችሁ አዲስ ቆዳ ስለገጠመ ነው። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉለት፤ የጣት አሻራ ናስ ላይ ቶሎ ይጠቁራል።