የብስክሌት ራጅ መከላከያው ሳህን ይውጣ ወይስ ይቆይ፦ የአራት ወር የጥገና ማስታወሻ ከድሬዳዋ

አሮጌ ብስክሌት የምታድሱ ወዳጆቼ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በእጄ ያለው ባለ 10 ማርሽ የፈረንሳይ ብስክሌት ከአንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ቤተሰብ የገዛሁት ነው። ስለ ቀለሙና ስለ ፍሬኑ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ዛሬ የማነሣው በእነዚህ አራት ወራት ሐሳቤን ሁለት ጊዜ ያስቀየረኝን አንድ ዕቃ ብቻ ነው። እሱም በኋላው ጎማ ቀኝ በኩል፣ በትልቁ ጥርሳማ ቀለበትና በራጆቹ (ከጎማው መሐል ወደ ቸርኬው በተዘረጉት ቀጫጭን ሽቦዎች) መካከል የተቀመጠው ክብ የብረት ሳህን ነው። ብዙዎቻችን ብስክሌት ማደስ ስንጀምር ቀድመን አውጥተን የምናስቀምጠው እሱን ነው፤ እኔም እንደዚሁ አድርጌ ነበር።

የሳህኑን ሥራ ለማያውቁ በአጭሩ ልግለጽ። ካቴናውን ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው የሚያሻግረው የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ወዴት ድረስ መሄድ እንደሚችል የሚወስኑት ሁለት ትንንሽ መገደቢያ ብሎኖች ናቸው። የውስጠኛው ብሎን ከላላ፣ ወይም መቀየሪያው የተሰቀለበት ማንጠልጠያ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ ካቴናው ትልቁን ቀለበት አልፎ በእሱና በራጆቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይወድቃል፤ ሲብስም መቀየሪያው ራሱ በራጆቹ ይያዝና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ሳህኑ ያንን ክፍተት ይዘጋል። በአሜሪካ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የብስክሌት ደኅንነት ደንብ፣ ማርሽ መቀየሪያው ቢበላሽ ወይም በትክክል ባይስተካከል እንኳ ካቴናው የጎማውን መዞር እንዳያግድ መከላከያ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ዛሬ ያለው ዓለም አቀፍ መለኪያ አይሶ 4210ም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በዚያ ዘመን ለውድድር የሚሠሩት ብስክሌቶች ብዙውን ጊዜ ያለ ሳህን ይወጡ ነበር፤ ሳህን የማይወደድበትም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሳህን የሌለው ብስክሌት የእሽቅድምድም ብስክሌት መስሎ ይታያልና።

በጥቅምት አጋማሽ ላይ ሳህኑን ያወጣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ክሮሙ በዝገት ነጠብጣብ ተሸፍኖ ከጀርባው የደቻቱን ወንዝ አሸዋ የመሰለ ደቃቅ አቧራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ተጋግሮ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ መልኩ ነው፤ ንጹሕ ሞዞ (የጎማው እምብርት) እና የተወለወሉ 36 ራጆች በግልጽ ሲታዩ ደስ ይላሉ፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ክብደት ግን ምክንያቴ አልነበረም። ቀፊራ ገበያ ቅመም በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስቀምጬው 120 ግራም ነው የወጣው፤ የውኃ መያዣ ኮዳዬ ባዶውን ከዚህ እምብዛም አያንስም።

ሳህኑ እንዲወጣ ፍሪዊሉ፣ ማለትም የኋላ ቀለበቶቹን የያዘው ዕቃ፣ መፈታት አለበት፤ ፍሪዊል ደግሞ ፔዳል በተመታ ቁጥር ይበልጥ እየጠበቀ የሚሄድ ነገር በመሆኑ፣ ለ40 ዓመት ያልተነካ ፍሪዊል እንዴት እንደሚይዝ መገመት አያዳግትም። የእኔው ባለ ሁለት ጉድብ ዓይነት ነው፤ ለእሱ የሚሆን መፍቻ በከተማው ስላላገኘሁ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ አባት ከወፍራም ብረት ሞርደው ሠሩልኝ። ሌሊቱን ናፍጣ አጠጥተን አደርን። ጠዋት ቁልፉን እንዳነሣሁ ላዞር ስል፣ «አቦ፣ አትቸኩል ልጄ! መጀመሪያ መፍቻውን በዳዶ እሰረው፤ ካመለጠህ ጉድቦቹን ይበላቸውና ያኔ ፍሪዊሉም የለህም» አሉኝ። እንዳሉኝ መፍቻውን በፔርኖው (ጎማው በሚዞርበት ዘንግ) ዳዶ አጥብቄ፣ መፍቻውን በሞርሳ አስነክሼ፣ ጎማውን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ግራ ገፋሁት። በሦስተኛው ግፊት እንደ ደረቅ እንጨት ጧ ብሎ ለቀቀ። በዚህ ጊዜ ዳዶውን ወዲያው ማላላት ያስፈልጋል፤ ፍሪዊሉ እየተፈታ ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ የጠበቀ ዳዶ ካገኘ ፔርኖውን ወይም ፊሌቶውን (የሚጠመዘዝበትን ጥርስ) ይጎዳል።

እግረ መንገዴን ስለ ፊሌቶ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የድሮው የፈረንሳይ ሞዞ ፊሌቶ 34.7 ሚሊ ሜትር ስፋትና በየዙሩ 1 ሚሊ ሜትር እርምጃ ያለው ሲሆን፣ ዛሬ በገበያ የሚገኙት ፍሪዊሎች ግን በአብዛኛው የእንግሊዙን ልክ፣ ማለትም 1.37 ኢንች ስፋትና በኢንች 24 ዙር የሚከተሉ ናቸው። ሁለቱ በዓይን ስለማይለዩ ሲጀምሩ የሚገጥሙ ይመስላሉ፤ በጉልበት ከቀጠላችሁ ግን የአሉሚኒየም ሞዞው ፊሌቶ ይላጣል። ስለዚህ ሳህኑን ለማውጣት ስትሉ የፈታችሁትን አሮጌ ፍሪዊል አትጣሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ሳህኑን ሳወጣ አንድ ዕቃ የቀነስሁ እንጂ ሌላ ነገር የለወጥሁ አልመሰለኝም ነበር። ነገር ግን በእኔ ብስክሌት ላይ ሳህኑ የሚቀመጠው በሞዞው ትከሻና በፍሪዊሉ ጀርባ መካከል ተጣብቆ ነው፤ ውፍረቱም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እሱ ሲወጣ ፍሪዊሉ በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አምስቱም የኋላ ቀለበቶች ወደ ራጆቹ 1 ሚሊ ሜትር ተጠጉ ማለት ነው። ብስክሌቱን መልሼ ስገጥም ካቴናው ትልቁ ቀለበት ላይ አልወጣ ቢለኝ፣ ምክንያቱን ሳልመረምር የውስጠኛውን መገደቢያ ብሎን በካቻቢቴ ግማሽ ዙር አላላሁት፤ ካቴናውም ያለ ችግር ወጣ። በዚህም መከላከያውን ከማንሣቴ በላይ መቀየሪያውን ራሱን ወደ ራጆቹ አቀረብሁት። ስለ ሳህን በተወያየን ቁጥር ስለ መልክና ስለ ደኅንነት ብዙ እንላለን፤ ይህችን አንድ ሚሊ ሜትር ግን ሲያነሣት የሰማሁት ሰው የለም።

ኅዳር ውስጥ ከዚራ ሰፈር አንድ የዛፍ ጥላ ሥር አስደግፌው ሻይ ስጠጣ ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። አንሥቼ አየሁት፤ ጭረት እንጂ ስብራት አልነበረበትም። የማርሽ መቀየሪያዬ ማንጠልጠያ ከፍሬሙ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር ስስ ላሜራ እንደሆነና በእንዲህ ያለ አወዳደቅ በቀላሉ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ ማሰብ ነበረብኝ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ምንም አልታወቀኝም፤ በከዚራና በሳቢያን መንገዶች ላይ ትልቁን ቀለበት የሚፈልግ ዳገት የለምና።

ነገር ግን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው የደንገጎን ዳገት ሳይወጣ አያልፍም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መንገዱ በደንገጎ በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በኅዳር መጨረሻ አንድ እሑድ ማለዳ ጠመዝማዛው መሐል ስደርስ ማርሹን ወደ ትልቁ ቀለበት ሳብሁት። ካቴናው አንድ ጊዜ ክርክር ብሎ ወደ ራጆቹ ገባ፤ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ደነደነ፤ ጎማውም ቆመ። ፍጥነቴ ከሰው እርምጃ ብዙም ስለማይበልጥ እግሬን መሬት አስደግፌ ዳንሁ። ይሁንና ከኋላዬ ከባድ መኪና እየመጣ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ሆዴን ያመኛል።

ካቴናውን ከቀለበቱና ከራጆቹ መካከል ለማውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ቤት ስመለስ አራት ራጆች ከሞዞው አጠገብ፣ በታጠፉበት ክርን ላይ ተገዝግዘው አገኘሁ። ጭረቶቹ ጥልቅ ስላልነበሩ ተውኋቸው፤ ይህ ሁለተኛው ስሕተቴ ነው። በኋላው ጎማ የቀኝ ራጆች፣ ቸርኬው በፍሬሙ መሐል እንዲቆም ሲባል፣ ከግራዎቹ ይበልጥ የተወጠሩ ናቸው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ውጥረቱ ስለሚላላና ስለሚጠብቅ ትንሿ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። በስምንት ቀን ውስጥ ሁለቱ ተሰበሩ። የቀኝ ራጅ ለመለወጥ ደግሞ ፍሪዊሉን እንደገና መፍታት ስለሚያስፈልግ፣ አራቱንም በአንድ ጊዜ ለወጥሁና እግረ መንገዴን ሳህኑን ከመሳቢያ አወጣሁት።

ዝገቱን ያጠራሁት በአሸዋ ወረቀት አይደለም፤ እሱ ክሮሙን ይበላዋል። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ብርማ ወረቀት ውኃ እያስነኩ በቀስታ ማሸት ይበቃል፤ ክሮሙ የተፈነቀለበት ቦታ ባይመለስም የቀረው ያበራል። ታህሣሥ ውስጥ አንድ ምሽት እንዲህ እያሸሁ ሳለ ከዝገቱ ሥር፣ በሳህኑ የውጭ ገጽ ዳር ላይ፣ እንደ ጨረቃ የታጠፉ ጥልቅ ጭረቶች ብቅ አሉ። በጣቴ ተከተልኋቸው፤ የካቴና ጭረቶች ነበሩ። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤት ካቴናቸው ቢያንስ ሦስት ጊዜ አምልጦ ሳህኑ ላይ አርፏል፤ የእሳቸው ዘመን ራጆች ግን አንድም ጭረት አልነበረባቸውም።

ሳህን ሁሉ እንደማይጠቅምም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከትልቁ ቀለበት ሰፋ ያለ መሆን አለበት። ልኩን በሒሳብ ማግኘት ቀላል ነው፤ በካቴናው ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 28 ጥርስ ያለው ቀለበት ስፋቱ 28 በ12.7 ተባዝቶ ለ3.14 ሲካፈል 113 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። የእኔ ሳህን 140 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይበቃል፤ ለዳገት ብላችሁ ባለ 34 ጥርስ ፍሪዊል ብትገጥሙ ግን ቀለበቱ ብቻውን 137 ሚሊ ሜትር ይሆናልና፣ ይኸው ሳህን ዳር ላይ አልቆ ካቴናውን መያዝ ያቅተዋል።

ማንጠልጠያውን ለማቅናት መቀየሪያውን ፈትቼ በቦታው ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ አሰርሁና ከቸርኬው ያለውን ርቀት በአራት አቅጣጫ ለካሁ። ልዩነቱ መጀመሪያ 9 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ቀስ በቀስ እየመለስሁ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች አወረድሁት። ከዚያ ሳህኑን ከጀርባው ግራሶ ቀብቼ መለስሁ፤ የውስጠኛውን ብሎንም አጠበቅሁ። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ የኋላው ጎማ ተንጠልጥሎ፣ ካቴናው ትልቁ ቀለበት ላይ ሳለ፣ ፔዳሉን በአንድ እጅ እያዞራችሁ መቀየሪያውን በሌላው ወደ ውስጥ ግፉት፤ ካቴናው ቀለበቱን ለማለፍ ከሞከረ ብሎኑ ገና ልል ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። የቻይና ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ያላችሁ ይህ ጥያቄ አይመለከታችሁም። ከመጀመሪያውም ያለ ሳህን የተሠራ፣ ማንጠልጠያው ከፍሬሙ ጋር አንድ የሆነ የውድድር ብስክሌት ያለውና ማርሹን ራሱ የሚያስተካክል ሰው ሳህን ፈልጎ ይግጠም አልልም። የላስቲክ ሳህን ያላችሁ ግን በጥንቃቄ ተመልከቱት፤ በእኛ ፀሐይ ይደርቅና በጣት ሲጫኑት ይሰነጠቃል፤ ስባሪውም ራሱ በካቴናው ሥር ሊገባ ስለሚችል እንዲህ ያለው ወጥቶ በብረት ይተካ። ከዚህ ውጭ በብሎን የሚታሰር ማንጠልጠያ ያለው፣ ታናሽ ወንድም ወይም ጎረቤት ተውሶ የሚነዳው፣ ደንገጎን የሚወጣ አሮጌ ብስክሌት ሳህኑ ባይወጣ እመርጣለሁ። ለመልኩ ብላችሁ የግድ ካወጣችሁት ደግሞ በቦታው እኩል ውፍረት ያለው ቀለበት አስገቡ፤ ሳህኑንም ከብስክሌቱ ሳትለዩ አስቀምጡት።

በጥር ሁለት ጊዜ ደንገጎን ወጥቻለሁ። ካቴናው ትልቁ ቀለበት ላይ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ በመጀመሪያው ጉዞ ሳህኑ ከራጆቹ ጋር ይንኳኳ ስለነበር በሦስት ቦታ ከአሮጌ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) የተቆረጠ ስስ ጎማ አስገባሁለት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለውም። የሚቀረኝ የፊተኛው ማርሽ መቀየሪያ ነው፤ እሱን ገና አልነካሁትም።