ከጨነቅ ወዲያ

በ2010 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር አከበርኩና በማግስቱ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። መካነ ብርሃን የሚያስተምር አብሮ አደጌን ልጠይቅ ነው። ከተማዋ የጃናሞራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከደባርቅ የሚወስደው ጠጠር መንገድ የሰሜን ተራሮች ፓርክን ሰንጥቆ ያልፋል።

የደባርቅን ሌሊት አልረሳውም። የአዳማ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ብርድ አላውቅም። አልጋው ላይ ያለችው አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ናት። ሌላ ብጠይቅ «አልቋል» አሉኝ። ጃኬቴን እንደለበስኩ ተኮራምቼ ነጋ።

12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ለሻንጣዬ 50 ብር ጠየቀኝ። ከኔ ቀድመው አንድ ማዳበሪያ እህል የጫኑት ሰውዬ የከፈሉት 10 ብር ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከፈልኩ፣ ግን እስከ ሳንቃበር ድረስ ሲከነክነኝ ነበር። ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መጡ። መንጋው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ ሕፃናቱ እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ተለጥፈዋል። አውቶብሱ ውስጥ ዞር ብሎ ያያቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ጨነቅ የሚባለው የፓርኩ ካምፕ ላይ የቱሪስት መኪኖች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ከዚህ ይመለሳሉ። እኛ ወደ ቧሂት ተራራ መውጣት ጀመርን። እዚያ ላይ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ከጅብራ ተክል በቀር ቀና ያለ ነገር አይታይም። አንዱ ኩርባ ላይ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና ነው የዞረው፤ ከመስኮቴ በታች ገደል ብቻ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከጋቢያቸው ግማሹን ደረቡልኝ።

«ልበሰው የኔ ልጅ፣ ቧሂት እንግዳ አያውቅም።»

ከመቀነታቸው ፈትተው የገብስ ቆሎም ዘገኑልኝ። ጎንደር ሐኪም ቤት ደርሰው መመለሳቸው ነው። መንገዱ አውሬውን እንዳይረብሽ ከፓርኩ ውጭ ሌላ ይሠራል መባሉን ሰምተዋል።

«ይሥሩት። ብቻ ክረምት የማይቆረጥ ይሁን።»

እኔም ዋልያው እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ግን ዝም አልኩ። እኛ አዳማዎች አዲስ አበባ ለመድረስ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀብን እናማርራለን።

ቁልቁለቱን እንቅልፍ ወሰደኝ። መካነ ብርሃን ስንወርድ ጋቢውን አጣጥፌ መለስኩላቸው። ቤታቸው ገና ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይቀረዋል። መድኃኒታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና መንገድ ጀመሩ።