ጥሬ ፑኤር በጀጎል

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ወዳጄ ቤት በረንዳ ላይ ያፈላሁት ፑኤር የሚባል የቻይና ሻይ ጠቆር ብሎ ደፈረሰ፤ ላዩም ላይ ስስ ሽፋን ያዘ። ምክንያቱ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነበር፤ ታቹ ነጭ ኖራ ጋግሯል። የድሬ ውሃ ከባድ ነው፣ ከባድ ውሃ ደግሞ የለጋ ሻይን ሽታ ያፍነዋል። በማግስቱ ወደ ሐረር ስነሳ ከሻዩ ጋር የታሸገ ውሃ ያዝኩ።

ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ የድሬ ወበቅ ከኋላ ቀረ። አወዳይ እንደወትሮዋ በጫት ገበያ ተጨናንቃለች። ሐረር ፈረስ መጋላ ወርጄ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና እየሰማሁ ቁልቁል ወደማድርበት ቤት ሄድኩ። የቆየ የሐረሪ ቤት ነው፤ ነደባው፣ ማለትም የመቀመጫ መደቡ፣ በምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ ተደርድሯል። የቤቱ እናት ከሰሉን አቀጣጥለው ጠበቁኝ።

ሻዩ ከቻይናዋ የዩናን ግዛት ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ ጠውለግ ይላል፣ በጋለ ብረት ድስት ይታመሳል፣ ይታሽና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በእንፋሎት ለስልሶ ክብ ሆኖ ይጨመቃል፤ የተለመደው ክብ 357 ግራም ይመዝናል። ጥሬ የሚባለው ተከምሮና ውሃ ጠጥቶ እንዲብላላ ስላልተደረገ ነው። ያ የማብላላት ዘዴ በኩንሚንግ የሻይ ፋብሪካ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ጥሬው ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ራሱ ይለወጣል። የኔው ገና ለጋ ነው።

«ድስት ላይ ይታመሳል» ስላቸው እናት ፊታቸው ፈካ። «እንደኛ ቁጢ በለኛ!» አሉ። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው፤ ምጣድ ላይ ታምሶ በወተትና በጨው ይፈላል። ክቡን ተቀብለው አሸተቱ፣ ጠርዙንም በጣታቸው ዳሰሱ። ቢላዋውን ከጎን አስገብቼ ቅጠሉ እንዳይሰባበር ቀስ እያልኩ ፈለቀቅኩት። ቡናማና አረንጓዴ ቅጠል መሃል ብርማ ጸጉር ያለው እንቡጥ ይታያል።

5 ግራሙን 100 ሚሊ ሊትር በምትይዘው ጋይዋን፣ ባለ ክዳን የቻይና ሻይ ማፍያ ሲኒ፣ ውስጥ ጨመርኩ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ለለጋ ፑኤር ይህ መልካም ነው፤ ውሃው በጋለ ቁጥር ካፌይኑና ካቴኪን የሚባለው የሻይ ንጥረ ነገር በብዛት ይወጣና ሻዩ ይመራል። የሐረርን ከፍታ ለዚህ ሻይ የተመረጠ ያህል ወደድኩት። የመጀመሪያውን ውሃ ወዲያው ደፋሁት። «ለምን ይደፋል?» አሉ እናት። አቧራውን ያጥባል፣ የተጨመቀውንም ቅጠል ያፍታታል። ቀጣዩን አስር ሰከንድ ያህል ይዤ በቡና ሲኒ ቀዳሁ፤ ቢጫው ጥርት ብሎ ወጣ።

እናት «ቢስሚላህ» ብለው ፉት አሉ። ልጃቸው ግን ገና እንደቀመሰ «አቦ፣ ይሄማ ጫት ነው!» ብሎ ስኳሩን ሳበ። ምሬቱስ እውነት ነው፤ ምላስን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ስኳሩን ግን እንዲተው ለመንኩት። ለዚህ ሻይ ስኳር ግፍ ነው እላለሁ፤ ምሬቱ ከተዋጠ በኋላ ከጉሮሮ ጀምሮ የሚመጣውን ጣፋጭነት ይሸፍነዋል። እናት ሲኒውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉና «መጣ፣ እዚህ ጋ» ብለው አንገታቸውን ዳሰሱ። ልጁም ሦስተኛው ላይ ስኳሩን መለሰ። ወደኋላ ላይ ሰከንዱን ማራዘም ነው እንጂ ቅጠሉ ቶሎ አይደክምም፤ ምሬቱ እየለዘበ የማር ሽታ ይመጣል።

ከክቡ ግማሹን ትቼላቸው፣ ከዕጣንና ከበርበሬ አርቀው እንዲያስቀምጡት አደራ አልኩ፤ ሻይ ሽታ ይስባል። እሳቸው ግን ዓይናቸው ጋይዋን ውስጥ በቀረው ቅጠል ላይ ነበር። «ይህን መጣል ሐራም ነው» ብለው ድስት ውስጥ ገለበጡት፣ ወተት አፍስሰው ጨው ጣል አደረጉበት። ድሮ ከዩናን በበቅሎና በፈረስ ተጭኖ ቲቤት ይደርስ የነበረውን ሻይ ቲቤቶች በቅቤና በጨው እንደሚጠጡት ነገርኳቸው። «አየህ!» አሉ፣ ድስቱን እያማሰሉ። ፈልቶ ሲቀርብ ወፈር ያለ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ከኋላው ያ ምሬት ለስለስ ብሎ የሚሰማ ሆነ። ሁለተኛ አስቀዳሁ።