ሆድሽን ልቀቂው

ሜትሩን ከአንገቴ ሳወርድ ሴቱ ሁሉ ወታደር ይሆናል። ደረት ይነፋል፣ ሆድ ይገባል፣ ትንፋሽ ይቆማል። «እህቴ፣ ሆድሽን ልቀቂው» እላለሁ። «ለቅቄዋለሁ» ትለኛለች፣ ትንፋሿን እንደያዘች። ስለዚህ ወሬ እጀምራለሁ። ልጆች ደህና ናቸው? ሽንኩርት ስንት ገባ? ውሃ መጣላችሁ ወይ? ሐረር ላይ የውሃን ነገር ካነሳችሁ የማይተነፍስ ሰው የለም። ያኔ ቶሎ ብዬ ወገቧን እለካለሁ። ልዩነቱ አንዳንዴ 4 ሴንቲ ይደርሳል። 4 ሴንቲ ማለት ዚፑ እምቢ አለ ማለት ነው።

ስፌት የለመድኩት አጎቴ ጋ ነው፣ መኪና ግርግር። ሐረርን ለማታውቁ፣ ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው መንገድ ነው። ስሙም የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ የሚሰፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። አጎቴ ሴት ሲለካ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ሜትሩን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ፣ ከነሻርፗ ነበር። እንዲህ የተለካ ደረት ልክ እንደማይመጣ እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው «የሚመችሽን ቀሚስ ይዘሽ ነይ» የሚለው። ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት ይለካና እጥፍ ያደርገዋል። ዘዴው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመቻት ቀሚስ ከሁለት ልጅ በፊት የተሰፋ ሲሆን ነው።

እኔ ቤቴ ስለምሰፋ በር ዘግቼ፣ በስስ ልብስ ነው የምለካው። መጀመሪያ የምጠይቀው ጡት መያዣውን ነው። በቀሚሱ የምትለብሺው ይሄንን ነው? ካልሆነ ሂጂና ያንን አድርገሽ ነይ። ያስቆጣል፣ ግን ጡት ከፍ ዝቅ ሲል ልኩ ሁሉ ይቀየራል።

ደብተሬ ላይ ሁለት 96 አሉ። እህትማማቾች ናቸው፣ ለአጎታቸው ልጅ ሠርግ አንድ ዓይነት ጨርቅ ገዝተው መጡ። የሁለቱም ደረት ዙሪያ 96። ደስ አለኝ፣ ጨርቁን ደራርቤ አንዴ ቆረጥኩት። ሲለብሱት አይቼ መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር። የታላቋ ፊት ለፊት ተወጥሮ የቀሚሱ ጫፍ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ጀርባው ግን ተነፍቷል። ታናሿ ደረቷ ላይ ጨርቁ ተንጠልጥሎ፣ እጇን ወደ ፊት ስትዘረጋ ጀርባዋ ሊቀደድ ደርሷል። ለካ አንዷ ጡቷ ሞላ ያለ፣ ጀርባዋ ጠባብ ነው፤ ሌላዋ ትከሻና ጀርባዋ ሰፊ፣ ጡቷ ትንሽ። ሜትሩ ዞሮ ሲገጥም ሁለቱም 96።

ከዚያ ወዲህ ዙሪያውን ለክቼ አላቆምም። የጎን ስፌቱ ከሚያርፍበት ከአንዱ ብብት ሥር እስከ ሌላው፣ ፊት ለፊቱን ብቻ እለካለሁ። የታላቋ ፊት 53፣ ጀርባዋ 43 ወጣ። የታናሿ 47 እና 49። ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍም እለካለሁ። ይህችን ቁጥር ካልያዛችሁ ጡት ላይ የሚገባው ስፌት ወይ ብብት ሥር ይቀራል ወይ ሆድ ላይ ይወርዳል።

ወገብን በዓይን አትፈልጉ። ቀጭን ላስቲክ እሰሩላትና ወደ ጎን ጎንበስ በይ በሏት፤ ላስቲኩ ቦታውን ራሱ ያገኛል። የጀርባ ርዝመት ከማጅራት አጥንት እስከዚያው ላስቲክ ስለሚለካ አትፍቱት። ዳሌ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ነው፣ ከወገብ ስንት ሴንቲ ወርዶ እንደሆነም ጻፉ። ለጠባብ ጉርድ ደግሞ ተቀምጣም ትለካ። እጅጌ ክርን ታጥፎ።

የሜትራችሁንም ነገር አትመኑ። የእኔ አሮጌ ሜትር በአናጢ የብረት ሜትር ሲታይ 1 ሜትሩ ላይ 1 ሴንቲ ተኩል ተለጥጦ አገኘሁት። የተለጠጠ ሜትር አሳንሶ ይቆጥራል፣ ጨርቁ በትክክለኛ ማስመሪያ ሲቆረጥ ልብሱም ይጠባል። ስንት ሰው «ወፍረሻል መሰለኝ» ብዬ ይሆን?

በስልክ የሚላክ ልክ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንዲት የድሬ ልጅ ለሚዜነት ቀሚስ ልኳን ጽፋ ላከች፣ ጨርቁንም በሰው። ድሬ ሙቀት ስለሆነ ለሐረር 5 ሴንቲ የምተወውን ማስተንፈሻ፣ ማለት ከልኩ በላይ የሚጨመረውን ስፋት፣ ደረቷ ላይ 9 አደረግኩት። እዚህ ላይ በራሴ ኮርቻለሁ። እጅጌ 23 ይላል፤ ለድሬ አጭር እጅጌ፣ ምን ይገርማል፣ 23 ሴንቲ ቆረጥኩ። ቀሚሱ በደረሰ ማግስት ደወለች። «አቦ እጄስ የት ሄደ?» እህቷ ስትለካት ሜትሩ ተገልብጦ በኢንች በኩል አንብባላታለች። ሌላው ሁሉ በሴንቲ፣ እጅጌው ብቻ በኢንች። 23 ኢንች 58 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ሙሉ እጅጌ!

ጨርቅ አልተረፈም፣ ሠርጉ በአምስተኛው ቀን ነው። ከክርኗ ከፍ ብሎ ከቆመው ጨርቅ ጀምሬ እስከ አንጓዋ ዳንቴል ቀጠልኩበት። ይቅርታም ጠየቅኳት፣ ደውዬ ማረጋገጥ የእኔ ሥራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጓደኞቿ ከድሬ መጡ። «የሷን ዓይነት እጅጌ» ነው የሚሉት። ክርናቸውን አሳጥፌ ለካኋቸው፣ 23 ሴንቲው ጨርቅ፣ ቀሪው ዳንቴል።